የአንጀት ካንሰርና የሕዋሳት መባዛት ጠቋሚ፡ ቁጥሩ ምን ይነግረናል? ምንስ አይነግረንም?

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላና እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ዱርቤቴ የደቡብ አቸፈር ወረዳ አስተዳደር መቀመጫ ናት። አካባቢው በበቆሎ፣ በዳጉሳና በጤፍ አምራችነቱ ይታወቃል። በዚህ አካባቢ የሚኖር አንድ የ45 ዓመት አርሶ አደርን በምሳሌነት እንውሰድ። ምሳሌው የአንድን የተወሰነ ግለሰብ ታሪክ የሚገልጽ ሳይሆን በበርካታ ሕሙማን ላይ የሚታየውን ሂደት ለማሳየት የቀረበ ነው።

አርሶ አደሩ ከሰገራው ጋር ደም ማየት ከጀመረ ስምንት ወራት ተቆጥረዋል። በመጀመሪያ "ኪንታሮት ነው" ተብሎ የባህል መድኃኒት ተደረገለት። ቀጥሎም "አሜባ ነው" ተብሎ እንክብል ታዘዘለት። ክብደቱ እየቀነሰ፣ አቅሙም እየደከመ ሲሄድ ወደ ባሕር ዳር ተላከ። በዚያም ከትልቁ አንጀቱ ላይ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ካንሰር መሆኑ ተረጋገጠ። በውጤት ወረቀቱ ግርጌ ላይ ደግሞ "ኬአይ-67፡ 60 በመቶ" የሚል አንድ መስመር ተጽፏል። ቤተሰቡም "ይህ ቁጥር ምን ማለት ነው? ምን ያህል ዕድሜ ቀረው ማለት ነው?" ሲል ይጠይቃል።

ይህ ጥያቄ የሕሙማንና የቤተሰብ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ለሆስፒታሎች በጀት የሚመድቡ፣ የላቦራቶሪ መሣሪያ ግዥ የሚያጸድቁና የጤና አገልግሎት ዕቅድ የሚያወጡ ኃላፊዎችም ሊያነሱት የሚገባ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም ቁጥሩ ምን እንደሚለካ በአግባቡ ካልታወቀ ውስን የሆነው ሀብት የሚውልበትን ቦታ መለየት አስቸጋሪ ይሆናል።

የትልቁ አንጀት ካንሰር፣ እስከ ፊንጢጣ ያለውን የመጨረሻውን የአንጀት ክፍል ጨምሮ፣ በዓለም ላይ በስፋት ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ነው። በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 1 ነጥብ 9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ መያዛቸው ታውቋል፤ 900 ሺህ ያህል ሰዎች ደግሞ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በሽታው በአዲስ ታማሚዎች ብዛት ሦስተኛ፣ ለሞት በመዳረግ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃን ይዟል።

በአገራችንም በሽታው የሩቅ አገር ችግር ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ አልፏል። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር ምዝገባ ያሰባሰበው መረጃ እንደሚያሳየው የትልቁ አንጀት ካንሰር በወንዶች ላይ ከሚከሰቱት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚውን ስፍራ ከያዙት መካከል ይገኛል። በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የተካሄዱ ጥናቶችም አብዛኞቹ ሕሙማን ወደ ሕክምና የሚመጡት በሽታው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ መሆኑን አረጋግጠዋል። ከሕሙማኑ መካከል ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች የሆኑት ቁጥር ቀላል አለመሆኑም ጉዳዩን ይበልጥ አሳሳቢ ያደርገዋል። በዚህ የዕድሜ ክልል የሚገኙት የሚያርሱ፣ የሚያስተምሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የሚያገለግሉና ልጆች የሚያሳድጉ ዜጎች ናቸውና።

የሕዋሳት መባዛት ጠቋሚ የሚባለውን ለመረዳት ከጤናማው አንጀት መነሳት ይጠቅማል። የትልቁ አንጀት የውስጥ ሽፋን በሰውነታችን ውስጥ በፍጥነት ከሚታደሱት ክፍሎች አንዱ ሲሆን ሕዋሳቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአዲስ ይተካሉ። አዳዲሶቹ ሕዋሳት የሚወለዱት በሽፋኑ ላይ በሚገኙ ጥቃቅን ጉድጓዶች ታችኛ ክፍል ነው። ከዚያም ወደ ላይ እየወጡ ሥራቸውን ያከናውናሉ፤ ሲያረጁም ይረግፋሉ። ስለሆነም በጤናማ አንጀት ውስጥም የሚባዙ ሕዋሳት አሉ። ልዩነቱ መባዛቱ በቦታና በልክ የተወሰነ መሆኑ ነው። በካንሰር ጊዜ ይህ ሥርዓት ይፈርሳል፤ ሕዋሳቱ ከታች እስከ ላይ ያለ ገደብ ይባዛሉ።

አንድ ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት የተወሰኑ ምዕራፎችን ያልፋል። ያድጋል፣ የዘር ንድፉን ይገለብጣል፣ ለመከፈል ይዘጋጃል፣ በመጨረሻም ይከፈላል። በዕረፍት ላይ ያለ ሕዋስ ግን ከዚህ ዑደት ውጪ ነው። ኬአይ-67 የሚባለው ፕሮቲን በዑደቱ ውስጥ ባሉ ሕዋሳት አስኳል ውስጥ ይገኛል፤ በዕረፍት ላይ ባሉት ውስጥ ግን አይታይም። ጠቋሚ ሆኖ እንዲያገለግል ያስቻለውም ይኸው ጠባዩ ነው።

ፕሮቲኑን የሚለየው ፀረ-አካል የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1983 በጀርመን አገር ኪል ከተማ ሲሆን ግኝቱን ይፋ ያደረጉት ዮሐንስ ጌርደስ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ስያሜውም የመጣው ከከተማው ስም የመጀመሪያ ፊደላትና ፀረ-አካሉ ከተገኘበት የላቦራቶሪ ሳህን ጉድጓድ ተራ ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ፀረ-አካል የሚሠራው በበረዶ በደረቀ ትኩስ ናሙና ላይ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ግን በፎርማሊን ተጠብቆ በፓራፊን ሰም በታሸገ ናሙና ላይ የሚሠራ ሌላ ፀረ-አካል በመዘጋጀቱ ምርመራው በዓለም ዙሪያ ሊስፋፋ ችሏል። ከዚህ ሌላ እ.ኤ.አ. በ1978 የታወቀው ፒሲኤንኤ የተባለው ፕሮቲን፣ እንዲሁም በማይክሮስኮፕ ብቻ በመከፈል ላይ ያሉ ሕዋሳትን የመቁጠር የቆየ ዘዴ ለተመሳሳይ ዓላማ ሲያገለግሉ ቆይተዋል።

አሠራሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ከዕጢው የተወሰደው ናሙና በስሱ ተቆርጦ በመስታወት ላይ ይደረጋል፤ ፀረ-አካሉም ይጨመርበታል። በመባዛት ዑደት ላይ ያሉት ሕዋሳት አስኳል ቡናማ ቀለም ይይዛል፤ የቀሩት ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። የፓቶሎጂ ሐኪሙ ለምሳሌ 1 ሺህ የካንሰር ሕዋሳትን ቆጥሮ 600ዎቹ ቡናማ ሆነው ቢያገኛቸው ውጤቱ 60 በመቶ ይሆናል።

ይህን ለመንግሥት ሠራተኛ በሚቀርብ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ቁጥሩ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕለቱ የፊርማ መቆጣጠሪያ ላይ እንደሚገኝ አኃዝ ነው። ከ100 ሠራተኞች 60ዎቹ በዚያ ቀን በሥራ ገበታቸው ላይ መገኘታቸውን ይገልጻል። እያንዳንዱ ሠራተኛ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ ከተቋቋመ ስንት ዓመት እንደሆነው፣ ወይም በሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ከፍቶ እንደሆነ ግን የፊርማ መቆጣጠሪያው አያሳይም። ኬአይ-67ም እንዲሁ በዑደት ላይ ያሉትን ሕዋሳት ድርሻ እንጂ የዑደቱን ፍጥነት፣ በየቀኑ የሚሞቱትን ሕዋሳት ብዛት፣ ካንሰሩ የቆየበትን ጊዜም ሆነ የተሰራጨበትን ቦታ አይነግርም።

በመሆኑም ቁጥሩ ከሕሙማን በሕይወት የመቆየት ዕድል ጋር ያለው ዝምድና ለተመራማሪዎች አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣና ከ30 በላይ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ ከፍተኛ የኬአይ-67 መጠን ያላቸው የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕሙማን በአማካይ አጭር ዕድሜ እንዳላቸው አመልክቷል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2016 በጀርመን አገር ሐምቡርግ 1 ሺህ 800 ያህል ዕጢዎችን የመረመረ ጥናት የዚህን ተቃራኒ አግኝቷል። በዚያ ጥናት ከፍተኛ መጠን የታየባቸው ሕሙማን የተሻለ ዕድል ነበራቸው።

ሁለቱ ውጤቶች የሚጋጩት ለምንድን ነው? ባለሙያዎች በርካታ ምክንያቶችን ያቀርባሉ። አንደኛው፣ "ከፍተኛ" እና "ዝቅተኛ" የሚለው መለያ ከአንዱ ጥናት ወደ ሌላው የሚለያይ መሆኑ ነው። አንዱ ከ20 በመቶ በላይ ያለውን ከፍተኛ ሲለው ሌላው መለያውን 40 ወይም 50 በመቶ ላይ ያደርገዋል። ሁለተኛው፣ በአንድ ዕጢ ውስጥ እንኳ መባዛቱ ከቦታ ቦታ የሚለያይ በመሆኑ በርካታ ቡናማ ሕዋሳት የታዩበትን ስፍራ የሚቆጥር ሐኪምና የጠቅላላውን አማካይ የሚወስድ ሐኪም የተለያየ ውጤት ያገኛሉ።

ሦስተኛው ምክንያት ከሕክምናው ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የተገኘውና እስካሁንም የትልቁ አንጀት ካንሰር የኬሞቴራፒ ሕክምና መሠረት የሆነው ፍሎሮዩራሲል የተሰኘው መድኃኒት በዋናነት የሚያጠቃው የዘር ንድፋቸውን በመገልበጥ ላይ ያሉ ሕዋሳትን ነው። በመሆኑም በብዛት የሚባዛ ዕጢ አደገኛ ቢመስልም መድኃኒቱን ካገኘ ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል። መድኃኒቱን ካላገኘ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አራተኛው ደግሞ፣ ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ለመሰራጨት የተነሱ የካንሰር ሕዋሳት አንዳንድ ጊዜ መባዛታቸውን ቀንሰው ወደ መንቀሳቀስ የሚያዘነብሉ መሆናቸው ነው።

ይህ ሲባል ጠቋሚው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በጡት ካንሰር ሕክምና ከሌሎች ምርመራዎች ጋር ተዳምሮ ውሳኔን ያግዛል። ኒውሮኢንዶክራይን በሚባሉት ልዩ የአንጀት ዕጢዎች ላይ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የደረጃ አሰጣጥ አንዱ መሠረት ይኸው ቁጥር ነው። ከ3 በመቶ በታች የሆነው አንደኛ፣ ከ3 እስከ 20 በመቶ ያለው ሁለተኛ፣ ከ20 በመቶ በላይ የሆነው ሦስተኛ ደረጃ ይሰጠዋል። በተለመደው የትልቁ አንጀት ካንሰር ግን ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያዎች ሕክምናን ለመወሰን ኬአይ-67ን በመደበኛነት እንዲለካ አያዝዙም።

ታዲያ የሕመምተኛውን ዕድል ከሁሉ በላይ የሚወስነው ምንድን ነው? መልሱ በሽታው የተገኘበት ደረጃ ነው። በአሜሪካ የሚሰበሰበው ሰፊ መረጃ እንደሚያሳየው ካንሰሩ ከአንጀቱ ሳይወጣ ከተገኘባቸው ሕሙማን 90 በመቶ ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት ይገኛሉ። በአካባቢው ወደሚገኙት ሊምፍ ኖድ የሚባሉ ዕጢዎች ከደረሰ ቁጥሩ ወደ 70 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ወደ ጉበት፣ ሳንባ ወይም ሌላ ሩቅ የሰውነት ክፍል ከተሰራጨ ደግሞ 15 በመቶ አካባቢ ይሆናል። እነዚህ አኃዞች ሙሉ ሕክምና በሚገኝበት አገር የተመዘገቡ መሆናቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ይህ ካንሰር በአብዛኛው የሚነሳው ፖሊፕ ከሚባሉ የአንጀት ሽፋን ትርፍ ዕድገቶች ሲሆን ፖሊፑ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመት ያህል ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በሽታው አስቀድሞ ለማግኘት በቂ ጊዜ ከሚሰጡ ካንሰሮች አንዱ ነው። ይህ ጊዜ የሚባክነው ምልክቱ በሌላ ስም ሲጠራ ነው።

ከሰገራ ጋር የሚታይ ደም በርግጥም ብዙ ጊዜ ከኪንታሮት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ከሳምንታት በላይ የቆየ መድማት፣ ከቀድሞው የተለየ የሰገራ አወጣጥ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስና የደም ማነስ ያለ ምርመራ በኪንታሮት ስም ሊታለፉ አይገባም። በተለይም በጎልማሳ ወንድ ላይ የሚታይ የብረት እጥረት የደም ማነስ የአንጀት መድማትን ሊያመለክት ይችላል። ወደ ፊንጢጣ የቀረቡ በርካታ ዕጢዎችን አንድ የጤና ባለሙያ ጓንት አድርጎ በጣቱ በመመርመር ብቻ ሊደርስባቸው ይችላል። ይህ ምርመራ ኤሌክትሪክም ሆነ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ባለሙያው ምርመራውን ማድረግ እንዳለበት ማወቁን፣ ሕመምተኛውም በሐፍረት እንዳይሸሽ በአክብሮት እንዲነገረው ነው።

የዱርቤቴ አካባቢ ነዋሪ ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ ተነስቶ በባሕር ዳር ወደሚገኙት የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ይላካል። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ አካባቢ ነዋሪም በተመሳሳይ መንገድ ከታችኛው ተቋም ጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል። የጨረር ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ደግሞ ለበርካታ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛ ወደነበረው የጥቁር አንበሳ ማዕከል እስከ አዲስ አበባ መጓዝ ነበረበት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሌሎች ከተሞችም አገልግሎቱን ለመጀመር ጥረት ሲደረግ ቆይቷል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተከሰተው የጸጥታ ችግር ደግሞ የሪፈር ጉዞውን ይበልጥ አስቸጋሪ አድርጎታል። በየእርከኑ የሚባክን አንድ ወር በሽታው ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚሻገርበት ወር ሊሆን ይችላል።

በዚህ ረገድ ደቡብ አቸፈር አንድ ጠቃሚ ልምድ አለው። ወረዳው በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በሙከራ ደረጃ ከተጀመረባቸው 13 የአገሪቱ ወረዳዎች አንዱ ሲሆን ከአማራ ክልል ከፎገራና ከተሁለደሬ ጋር ተመርጦ ነበር። የመድኅኑ ዓላማ አባወራው በታመመ ጊዜ በሬውን ሳይሸጥ መታከም እንዲችል ነው። ለካንሰር ሕመምተኛ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። የመድኅኑ አባል ግን አገልግሎቱን የሚያገኘው የሪፈር ሥርዓቱን ተከትሎ በመሆኑ የመጀመሪያው ጤና ጣቢያ ምልክቱን ለይቶ በወቅቱ ካልላከው የአባልነት ደብተሩ ብቻውን አያድነውም።

ሌላው ትኩረት የሚሻው ጉዳይ የናሙና አያያዝ ነው። ከሕመምተኛው የተወሰደ ናሙና ወዲያውኑ ከራሱ መጠን አሥር እጥፍ በሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ሳይገባ ከቆየ ወይም ፎርማሊኑ ካነሰ ሕዋሳቱ ይበላሻሉ፤ ፕሮቲኖቹም ይጠፋሉ። እንዲህ ባለው ናሙና ላይ የሚሠራ የኬአይ-67 ምርመራ መባዛቱን ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ዘመናዊ ማቅለሚያ መሣሪያ የተገዛለት ላቦራቶሪ በየሆስፒታሉ ፎርማሊንና ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ከሌለ ትክክለኛ ውጤት ሊሰጥ አይችልም ማለት ነው።

ለውሳኔ ሰጪዎች ቅደም ተከተሉ ከዚህ ይመነጫል። በመጀመሪያ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ምልክቶቹን እንዲለዩና የጣት ምርመራ እንዲያደርጉ ማሠልጠን፤ ቀጥሎ የተጠረጠረ ሕመምተኛ ሳይጉላላ ኮሎኖስኮፒ ወደሚገኝበት ሆስፒታል የሚደርስበትን የሪፈር ጊዜ መወሰንና መከታተል፤ ከዚያም ናሙናው በአግባቡ ተጠብቆ እንዲጓጓዝ ማድረግ ይገባል። በቀዶ ሕክምና የወጣው አንጀት ሲመረመር ቢያንስ 12 ሊምፍ ኖድ ተቆጥሮ ሪፖርት መደረጉ፣ የተቆረጠበት ጠርዝ ከካንሰር ነጻ መሆኑ መገለጹና የበሽታው ደረጃ በግልጽ መጻፉ ከየትኛውም የመባዛት ጠቋሚ የበለጠ ሕክምናውን ይመራል። ሊምፍ ኖዶቹ በቁጥር አንሰው ከተመረመሩ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለ ሕመምተኛ ሁለተኛ ነው ተብሎ ኬሞቴራፒ ሳይሰጠው ሊቀር ይችላልና።

በፀረ-አካል የሚሠራ ምርመራ የማስፋት አቅም ሲገኝም ለዚህ ካንሰር ቅድሚያ የሚሰጠው የዘር ንድፍ ስሕተትን የሚያርሙ ፕሮቲኖች መኖር አለመኖራቸውን የሚያሳየው ምርመራ ነው። ይህ ምርመራ በዘር የሚተላለፈውን የአንጀት ካንሰር ለመጠርጠር ይረዳል፤ የሕመምተኛው ወንድሞች፣ እኅቶችና ልጆችም አስቀድመው እንዲመረመሩ መንገድ ይከፍታል። በወጣትነት የሚታመሙ ዜጎች ባሉበት አገር የአንዱ ሰው ውጤት የቤተሰቡ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል።

ወደ ተነሳንበት አርሶ አደር እንመለስ። ቤተሰቡ ስለ 60 በመቶው ሲጠይቅ ሐኪሙ በእርግጠኝነት ሊመልስ የሚችለው "ከሚታዩት የካንሰር ሕዋሳት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመባዛት ላይ ናቸው" የሚለውን ነው። የቀሩትን ቀናት ወይም ዓመታት ከዚህ ቁጥር ላይ ማንበብ አይችልም። ቤተሰቡ ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ። ካንሰሩ የት ደርሷል? በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ሊወጣ ይችላል ወይ? ሊምፍ ኖዶቹ ተመርምረዋል ወይ? ኬሞቴራፒው መቼ ይጀመራል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካገኘ በቀጣይ ምን መደረግ እንዳለበት ያውቃል።

ለወረዳና ለዞን የጤና ኃላፊዎች ደግሞ ከውጤት ወረቀቱ በላይ ሊያሳስባቸው የሚገባው ሌላ ቁጥር ነው። እርሱም ደም ከታየበት ዕለት ጀምሮ ናሙና እስከተወሰደበት ዕለት ድረስ ያለፉት ስምንት ወራት ናቸው። ይህን ጊዜ ለመለካት ፀረ-አካልም ሆነ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። በየጤና ጣቢያው የሕሙማን መዝገብ ላይ ምልክቱ የጀመረበትንና ሕመምተኛው የተላከበትን ቀን በትክክል መጻፍ፣ በየሩብ ዓመቱም መገምገም ይበቃል። ጊዜው ከስምንት ወር ወደ አንድ ወር ቢያጥር በርካታ ሕሙማን ገና በአንደኛውና በሁለተኛው ደረጃ ላይ ሳሉ ወደ ሆስፒታል ሊደርሱ ይችላሉ።